ፍሪሲዮኑ በእርግጥ አልቋል? ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በእጅ ማርሽ የሚሠራ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት» መባሉ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ዘይት የሚያሳልፍ ትንሽ ላስቲክ ወይም የተሳበ ገመድ ሆኖ ሳለ ካምቢዮው ይወርዳል፣ አዲስ ዕቃ ይገዛል፣ ሥራ ይፈታል፤ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ሕመሙም አብሮት ይወጣል። ከዚህ የባሰው የተገላቢጦሹ ነው። ምልክቱን ለወራት እያየ «ትንሽ ይግፋ» ብሎ ቤተሰቡን ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው አለ፤ ያ መኪና ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ላይችለው ይችላል።

ሁለቱም ጉዳቶች የሚመጡት ሳይፈትሹ ከመወሰን ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ ለመፈተሽ አያስቸግርም፤ መሣሪያ ሳይይዙ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ራስዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎች፣ ሃይሉክሶችና ዶልፊኖች ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ይህን ፍተሻ ማወቅ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠቅማል።

ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው ይተዉት

«መኪናው 180,000 ሄዷል፤ ፍሪሲዮን ይቀየርለት» የሚል ምክር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የፍሪሲዮኑ ሸራ የሚበላው መኪናው ሲሮጥ አይደለም። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ ሸራውና ቮላኖው አብረው ስለሚዞሩ በመካከላቸው ፍትጊያ የለም። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በአምስተኛ ማርሽ ሲመላለስ የኖረ መኪና ከፍሪሲዮኑ የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚበላው ከቆመበት በተነሣ ቁጥር ነው። ከመገናኛ ፒያሳ በየፌርማታው ሲያወርድና ሲያሳፍር የሚውል ሚኒባስ 60,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ሊጨርስ ይችላል። በጥንቃቄ የተነዳ የቤት መኪና ደግሞ በዚያው በፋብሪካው ፍሪሲዮን ከ200,000 በላይ ሲሄድ ይታያል።

የአዲስ አበባ ነጂ ሌላም ጫና አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ደካማ ሞተር ይዞ ወደ እንጦጦ ወይም ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚወጣ ሰው ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነዳጅ አብዝቶ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይነሣል። ዳገት ላይ መብራት ሲጠብቅም በእጅ ፍሬን ፈንታ በባላንስ ይቆማል። መኪና ማሠልጠኛ የተማርነው ባላንስ ለመነሻ የሚሆን ጥበብ ነው፤ መቆሚያ ሲሆን ግን ሸራውን በየደቂቃው ያቃጥለዋል። ግራ እግሩን ቀኑን ሙሉ ፔዳሉ ላይ ጣል አድርጎ የሚነዳም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲገዙ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን ይልቅ ማን እንደነዳው፣ የት እንደነዳውና ምን ሲጭንበት እንደኖረ ይጠይቁ። ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የፔዳሉ ላስቲክ ግን ከተላለሰ ተላልሷል።

ከመፈተሽዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ጎማ አለ። በእሱና ፕሬዠር በሚባለው ተጫኝ ብረት መካከል ሸራ የለበሰ ክብ ዲስክ ይገባል፤ ሁለቱ ብረቶች እንደ ሁለት መዳፍ ጨብጠው ይይዙታል። ዲስኩ የተሰካው ከካምቢዮው በሚመጣው ዘንግ ላይ ስለሆነ ጭብጡ እስካለ ድረስ የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማ ይደርሳል። ፔዳሉን ሲረግጡ አንድ ኩሽኔታ የፕሬዠሩን ጣቶች ይገፋል፤ ጭብጡ ይላላል፣ ዲስኩ ነፃ ይሆናል፣ ማርሽ ይገባል።

ፍሪሲዮን ታመመ የሚባለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ መያዝ አቅቶታል፣ ወይ መልቀቅ አቅቶታል። መያዝ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ሸራው አልቋል። መልቀቅ ሲያቅተው ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከውጭ ነው፤ ካምቢዮ ሳይወርድም ሊጠገን ይችላል። አብዛኛው አላግባብ የሚወጣ ገንዘብ የሚጠፋው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ

መጀመሪያ ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ገና ከላይ፣ ምንም ሳይከብድ ትንሽ መንገድ መሄድ አለበት። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ይህ ባዶ ጉዞ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በገመድ የሚሠራ ከሆነና ምንም ባዶ ጉዞ ከሌለው ኩሽኔታው ሁልጊዜ ጣቶቹን እየተጫነ ነው፤ ደህና ሸራ እንኳ እንዲህ ሲሆን ይንሸራተታል። ገመዱን ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አስተካክለው ይፈትሹ፤ መንሸራተቱ ከቆመ የታመመው ሸራው አልነበረም። ማስተካከያው ቡሎን ጫፉ ላይ ደርሶ ከዚህ በላይ አልሄድ ካለ ግን ሸራው ስለሳሳ ነው።

በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ኮፈኑን ይክፈቱና የዘይቱን ትንሽ ማጠራቀሚያ ያግኙ። አንዳንድ መኪና ላይ ከፍሬኑ ጋር አንድ ነው። ያ ከሆነና ዘይቱ ከጎደለ ጉዳዩ የፍሬንም ስለሆነ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ምክንያቱን ይፈልጉ። ቀጥሎ ከፔዳሉ በላይ፣ ዳሽቦርዱ ሥር እጅዎን አስገብተው ገፊው ዘንግ የሚገባበትን ቦታ ይዳብሱ፤ እርጥበት ካገኙ የላይኛው ሲሊንደር ያፈስሳል። በብዙ መኪኖች የታችኛው ካምቢዮው ጎን ላይ ነው፤ የላስቲክ ኮፍያውን ገለጥ ሲያደርጉ ዘይት ካለ እሱም ጨርሷል። የሚጨመረው ክዳኑ ላይ የተጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ከገባ ላስቲኮቹን በሙሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ

ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ መስኮቱን ይክፈቱና ያዳምጡ። ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጀምር፣ ሲለቁ የሚጠፋ የሲርታ ድምፅ ከሰሙ የሚጮኸው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ነገሩ ከተገላበጠ፣ ማለትም ፔዳሉ ተለቆ ሲያጉረመርም ቆይቶ ሲረገጥ ጸጥ ካለ፣ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ ባለው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ይሆናል፤ አዲስ ፍሪሲዮን አያድነውም። ይህን ልዩነት ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ማወቅዎ ብዙ ክርክር ያስቀርልዎታል።

ከዚያ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠው አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁና የኋላ ማርሽ ያስገቡ። የኋላ ማርሽ የተመረጠው በምክንያት ነው። በብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች የፊት ማርሾች ፍጥነትን የሚያስማማ ቀለበት ሲኖራቸው የኋላው የለውም፤ ዲስኩ በጥቂቱም ቢሆን እየዞረ ከሆነ በጩኸት ያጋልጠዋል። ከተንኮሻኮሸ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርገው ይረጋግጡና እንደገና ይሞክሩ። አሁን ለስልሶ ከገባ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ወይም ከሲሊንደሮቹ አንዱ ግፊት አይዝም፤ አየሩን ማስወጣት ወይም የሲሊንደሩን ላስቲኮች መቀየር ይበቃል። ካምቢዮውን እንዲያወርድ ለማንም አይፍቀዱ። ተረጋግጦም የማይገባ፣ ዘይቱም ገመዱም ደህና ከሆነ፣ ያን ጊዜ የተጣመመ ዲስክ ወይም የተሰበረ የፕሬዠር ጣት መጠርጠር ተገቢ ነው።

አሁን የመያዝ አቅሙን ይፈትኑ። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊትም ከኋላም ሰውና መኪና በሌለበት ያቁሙ። ከጎማዎቹ ፊት ታኮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ። አራተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ትንሽ ከፍ ያድርጉና ፔዳሉን እንደ ወትሮ አነሣስዎ ይልቀቁ። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ እያቃሰተ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ከጠፋ ሸራው እየደከመ ነው። ፔዳሉ ሙሉ ተለቆ ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ነገሩ አልቋል፤ ወዲያው ያጥፉት። ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉ። እየደጋገሙ ለጎረቤት ማሳየት የቀረውን ሸራ ማቃጠል ነው።

መንገድ ላይ

የመጨረሻው ዳኛ ይህ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መለስተኛ ዳገት ያለው ጭር ያለ መንገድ ይምረጡ። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዱ ነዳጁን በአንድ ጊዜ እስከ ታች ይርገጡ። የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት አብረው፣ ቀስ እያሉ መጨመር አለባቸው። ዙሩ ዘሎ ሲወጣና ፍጥነቱ ባለበት ሲቀር መንሸራተት የሚባለው ያ ነው። ብዙ አሮጌ መኪና የዙር ቆጣሪ የለውም፤ ጆሮዎ ይበቃል። የሞተሩ ድምፅ በድንገት ከፍ ብሎ መኪናው ካልተከተለው አይሳሳቱም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «መኪናው ዳገት አይወጣም» የሚል ቅሬታ ሁሉ የፍሪሲዮን አይደለም። ሞተሩ ከደከመ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ከተዘጋ ወይም አንድ ሲሊንደር ካልተኮሰ መኪናው ይደክማል፤ ዙሩም አብሮ ይደክማል። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ግን ሞተሩ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ነው ጎማ የማይደርሰው። ዙር ከፍ ብሎ ፍጥነት ከቀረ ፍሪሲዮን፣ ሁለቱም ከቀሩ ሞተር ይፈትሹ።

የሽታው ነገርም እንዲሁ ለይቶ መታየት አለበት። ጭቃ ውስጥ ሲታገሉ ወይም ተጎታች ሲጎትቱ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ የሚመስል ሽታ አንድ ጊዜ ቢመጣ ፍርድ አይሆንም፤ ያቀዝቅዙት፣ በማግሥቱ ይፈትኑት። በተለመደ ዳገት ላይ በየቀኑ የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ መኪናስ? ሸራው ላይ ዘይት ነክቶት ወይም ቮላኖው በሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሞተሩን የያዙት ጎማዎች ሲበጠሱም ልክ እንዲሁ ያንቀጠቅጣል። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ረዳት ዳር ቆሞ እያየ፣ እርስዎ ፍሬን ይዘው ለመነሣት ያህል ፔዳሉን ትንሽ ለቀቅ ያድርጉ። ሞተሩ ከቦታው ዘለል ካለ መጀመሪያ ጎማዎቹን ያስቀይሩ፤ ዋጋቸው ከፍሪሲዮን ጋር አይወዳደርም።

ምን ያህል ጊዜ አለዎት?

መንሸራተቱ በአምስተኛ ማርሽ፣ በዳገት፣ ተጭኖ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቀጠሮ ለመያዝና ገንዘብ ለማዘጋጀት ጥቂት ሳምንት ሊያደርስዎ ይችላል፤ እስከዚያ ከባድ ጭነትና ረጅም ጉዞ ይተዉ። በሜዳ፣ በሦስተኛ ማርሽ ጭምር ከተንሸራተተ ከከተማ አይውጡ። ስለ ጣርማበር ወይም ስለ ዓባይ በረሃ ማሰብም አይገባም። መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ያለው መበላት ፈጣን ነው፤ መንሸራተቱ ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ መንሸራተቱን ያባብሰዋል። ሸራው አልቆ የሪቬቶቹ ራስ ብረት መንካት ከጀመረ ቮላኖውንም ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ዳፋው ለሌላ ዕቃ ይተርፋል።

ቁልቁለት ላይ ያለው አደጋ ብዙም አይነገርም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምፈራው እሱን ነው። ፍሪሲዮኑ በደንብ የማይለቅ መኪና ረጅም ቁልቁለት መሀል ማርሽ ለመቀነስ ሲሞክሩ ከአንዱ ማርሽ ወጥቶ ወደ ሌላው አልገባም ሊል ይችላል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል፤ ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። መልቀቅ ያቃተውን ፍሪሲዮን «ማርሽ ትንሽ ያስቸግራል» ብሎ ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ ቢብስብዎ ዳር ይያዙ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙ፣ ሰውና ዕቃ ያቃልሉ፤ ከዚያ በከባድ ማርሽና በትንሽ ነዳጅ እስከ ቅርቡ ከተማ ይሂዱ። ፔዳሉ ጭራሽ ወለል ላይ ከቀረና መኪናው አደገኛ ቦታ ላይ ከቆመ ብቻ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት መሆኑን አይተው ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡና በቁልፍ ያስነሡት፤ እየጎተተ ከመንገድ ያወጣዎታል።

ጋራዥ ሲገቡ

ፍተሻው መያዝ እንዳቃተው ካሳየ አያወላውሉ። ከወጪው ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ነው፤ ስለዚህ አንዴ ከወረደ ዲስኩ፣ ፕሬዠሩና ኩሽኔታው ሦስቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። ዲስኩን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ኩሽኔታ መመለስ በጥቂት ወር ውስጥ ያንኑ የእጅ ዋጋ ደግሞ መክፈል ነው። ሸራውን አስነቅሎ ሌላ ማስመታትም አለ። ዕቃው ለማይገኝለት የቆየ የጭነት መኪና ያስኬዳል፤ ለቤት መኪና ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም የዲስኩ ሞላዎችና የመሀሉ ጥርሶች ያው አሮጌዎቹ ናቸው።

ካምቢዮው ሲወርድ እዚያው ይገኙ፤ አሮጌውን ዲስክ በዓይንዎ ይዩት። በቶዮታ የጥገና መመሪያ መሠረት የሪቬቱ ራስ ከሸራው ገጽ ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር ጠልቆ መገኘት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ዲስኩ ጨርሷል። ሸራው በዘይት ከራሰ አዲሱን ከመግጠም በፊት ምንጩ ይገኝ። የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ነው፤ የሞተር ዘይት ቀጠን ያለና የጠቆረ ነው። የትኛውም ቢሆን ያፈሰሰውን ኦይል ሲል ያስቀይሩ፤ አለበለዚያ አዲሱ ሸራም ይርሳል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብ፣ ጭረት ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ጭረቱ ቶርኖ ቤት ይላጫል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ይቀየራል። አንዳንድ አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ያላቸው ውስጡ ሞላ ያለው ድርብ ቮላኖ እንደ ተራው አይላጭም።

አንድ ነገር ለመካኒኩም ለራስዎም ብለው ይከልክሉ፤ አቧራው በኮምፕሬሰር አይነፋ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አላቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የጋራዡ ወጣት ረዳት ይህን ማንም ሳይነግረው ስንት ፍሪሲዮን እንደሚነፋ ማሰብ ያሳዝናል።

ዕቃውን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ዲስክ ይዘው ይሂዱ። የዲስኩ ስፋትና የመሀሉ ጥርስ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ «ይገጥማል» የሚለውን ቃል አይቀበሉ፣ ቆጥረው ይግዙ። አይሲን፣ ኤክሴዲ፣ ሳክስና ቫሌዮ የታወቁ ሠሪዎች ናቸው። ስማቸው የታወቀ ስለሆነም ይመሰላሉ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፣ ሞላዎቹ በእጅ ሲነቀነቁ ላላ ማለት የለባቸውም። መካኒኩ ዲስኩን ከመግጠሙ በፊት በካምቢዮው ዘንግ ላይ ሰክቶ ያለ ችግር ሲንሸራተት ያሳይዎ። ጥርሶቹ ላይ የሚቀባው ግራሶ እጅግ ስስ ይሁን፤ ሸራው ላይ ጠብ ማለት የለበትም።

መኪናውን ሲረከቡ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች፣ ቆሞ ከሚደረገው የአራተኛ ማርሽ ፈተና በቀር፣ በመካኒኩ ፊት ይድገሙ፤ በተለይ የኋላ ማርሹን። የካምቢዮ ዘይት መሞላቱንም ይጠይቁ፤ የፊት ጎማ በሚነዳቸው መኪኖች ዘንጎቹ ሲወጡ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ሳይሞላ የወጣ ካምቢዮ ሩቅ ሳይሄድ ይቃጠላል። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ድረስ በለሰለሰ አነሣስ፣ ያለ ከባድ ጭነት ይንዱ። በመጀመሪያው ሌሊት ካምቢዮው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ጠብታ ካገኙ በዚያው ቀን ይመልሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላም የፔዳሉን ባዶ ጉዞ በድጋሚ ይለኩ፤ አዲስ ሸራ ሲደላደል መጠኑ ስለሚለወጥ በገመድ የሚሠራው አንድ ጊዜ መስተካከል ይፈልጋል።